መቀጮ ስንት ይሁን? ሚዛን የሚሰርቅ አባል ላለበት የገበያ ማኅበር የስሌት መመሪያ

የገበያ ማኅበር ውስጠ ደንብ ሲረቀቅ ጭቅጭቁ ብዙ ጊዜ አንድ ቁጥር ላይ ነው። ከሚዛን የሰረቀ አባል 2,000 ብር ይቀጣ ወይስ 5,000? ከወዲህ "ይብዛ"፣ ከወዲያ "የልጆች አባት ነው፣ ይቅለል" ይባላል፤ መሐል ላይ 3,000 ይጻፍና ቃለ ጉባኤው ይፈረማል። ከሦስት ወር በኋላ ሚዛኑ እንደ ድሮው ነው። ኮሚቴው "ቅጣቱ አንሶ ነው" ብሎ 6,000 ያደርገዋል፤ አሁንም ምንም የለም።

ቁጥሩ በክርክር የመጣ ስለሆነ ነው። መቀጮ በደንቡ ላይ መጻፍ ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ ከእሱ በፊት የሚቆጠሩ ነገሮች አሉ። እዚህ የያዝነው ምሳሌ 40 መደብ ያለው የአትክልት ገበያ ነው። የብሩና የኪሎው ቁጥር ለስሌት ያህል የተያዘ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን አስገቡ። መንገዱ ለጋራ መኖሪያ ቤት ማኅበርም ለታክሲ ተራም ይሆናል።

ሐሳቡ የቆየ ነው። ጣሊያናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 እ.ኤ.አ. ሰውን ከጥፋት የሚያግደው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን ቅጣቱ እንደማይቀር ማወቁ ነው ብሎ ጻፈ። አሜሪካዊው ኢኮኖሚስት ጌሪ ቤከር በ1968 ይህን ሒሳብ አደረገው፤ አጥፊው የሚያገኘውን ጥቅም፣ የመያዝ ዕድሉንና የቅጣቱን ክብደት ያመዛዝናል። ቤከር ነገሩን ማሰብ የጀመረው ተማሪ ሊፈትን እየተጣደፈ ሳለ መኪናውን በተከለከለ ቦታ ላቁም ወይስ ርቄ ላቁም እያለ ሲያሰላ እንደነበር ራሱ ተናግሯል። መቀጮውንና የመያዝ ዕድሉን አመዛዝኖ በተከለከለው ቦታ አቆመ።

በመጀመሪያ ጥፋቱ ለዚህ ስሌት የሚሆን ነው?

መስከረም 1944 እ.ኤ.አ. ጀርመኖች የዴንማርክን ፖሊስ በተኑ፤ ወደ 2,000 የሚሆኑትንም አስረው ወሰዱ። አገሪቱ እስከ ጦርነቱ ማብቂያ ድረስ መደበኛ ፖሊስ አልነበራትም። ዝርፊያና ስርቆት በብዙ እጥፍ ጨመሩ። ማጭበርበርና የመሥሪያ ቤት ገንዘብ መመዝበር ግን ያን ያህል አልጨመሩም። ምክንያቱም መዝባሪን ለመለየት ፖሊስ ብዙም አያስፈልግም፤ ስሙም ወንበሩም ይታወቃል፣ የተበደለው ሰው ራሱ ይከሰዋል። ኪስ አውላቂ ግን ከያዘው ሰው ካመለጠ ስም የለውም።

የመደብ ነጋዴ ከመዝባሪው ወገን ነው። ቦታው ቋሚ ነው፣ ስሙ በመዝገብ አለ፣ ነገም እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ መቀጮ ይሠራበታል። ገበያው ውስጥ ለሚዞር ኪስ አውላቂ ግን መቀጮ በደንብ መጻፍ ቀለም ማባከን ነው፤ እሱ የፖሊስ፣ የመብራትና የጥበቃ ጉዳይ ነው። ማኅበሩም ሰው ማሰር፣ መደብደብ ወይም ዕቃ መቀማት አይችልም። መቀጮው የሚቆመው አባሉ ፈርሞ በገባበትና ጠቅላላ ጉባኤ ባጸደቀው ደንብ ላይ ብቻ ነው።

ጥቅሙን በብር አውጡት

ሌባው የሚያገኘውን ሳያውቁ መቀጮ መተመን የዕቃውን ዋጋ ሳያውቁ እንደመከራከር ነው። ሽንኩርት ኪሎው 80 ብር ነው እንበል። ነጋዴው ከኪሎ 100 ግራም ካጎደለ 8 ብር ተረፈው። በቀን 60 ኪሎ ቢሸጥ 480 ብር፤ በወር 26 ቀን ቢሠራ 12,480 ብር። የቀን ሽያጩ 4,800 ብር ነው፤ አንድ አምስተኛው ትርፍ ነው ብንል ቀጥተኛ ትርፉ 1,000 ብር ገደማ ይሆናል። በሚዛን የሚሰርቀው የዚያን ግማሽ ያህል ማለት ነው። የ3,000 ብር መቀጮ ለዚህ ሰው ከስድስት ቀን ጥቂት ያለፈ ስርቆት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ኮሚቴ የሚሳሳተው የአንድ ጊዜን ጥፋት ከአንድ ጊዜ መቀጮ ጋር ማወዳደሩ ነው። "ለ8 ብር ብሎ 3,000 ይቀጣ?" ሲባል ጭካኔ ይመስላል። ነጋዴው ግን የሚያሰላው በወር ነው።

ሰንሰለቱን ቁጠሩ

ጥፋት ተሠርቶ መቀጮ እስኪከፈል ድረስ አራት ቀለበት አለ፤ መፈተሽ፣ በፍተሻው መታየት፣ በኮሚቴ መወሰንና መከፈል። ከአራቱ አንዱ ከላላ ሌሎቹ ጠንክረው አያድኑትም፤ ቁጥሮቹ ይባዛሉ እንጂ አይደመሩም።

ብዙ ገበያ ላይ ያለውን አሠራር እንውሰድ። ኮሚቴው በወር አንድ ቀን የሚዛን ድንጋይ ይዞ ይወጣና 5 መደብ ይፈትሻል። ከ40 መደብ 5 ማለት 12.5 ከመቶ ነው።

ድንጋይ ይዞ መፈተሽ ደግሞ ሚዛኑን እንጂ እጁን አይዝም። የሚዛን ስርቆት ብዙ መልክ አለው። በኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ሳህኑ ተነሥቶ ዜሮ ይደረግና ከሳህኑ ጋር ይመዘናል። በሚንጠለጠለው ሚዛን መርፌው ከዜሮ ትንሽ አለፍ ብሎ ይጀምራል፣ ወይም ሳይረጋ ይነሣል። በሁለት ሳህኑ ሚዛን ድንጋዩ ከሥሩ ይቦረቦራል። አንዳንዱ ጣቱን ብቻ ያሳርፋል። ኮሚቴው ሲመጣ ጣቱ ይነሣል፣ ሳህኑ ይስተካከላል፣ ደህናው ድንጋይ ከመደቡ ሥር ይወጣል። ስለዚህ ከ10 ሌባ 6ቱ ቢታይ ጥሩ ነው።

ከታየው ውስጥ ኮሚቴው 8 ከ10 ይወስንበታል። ከዚያ ሽማግሌ ይላካል፤ "ለዛሬ ማሩልኝ" ይባላል። በመጨረሻ መቀጮው የሚከፈለው ከ10 ውሳኔ በ7ቱ ነው እንበል።

0.125 × 0.6 × 0.8 × 0.7 = 0.042

ሌባው በአንድ ወር ውስጥ መቀጮ የመክፈል ዕድሉ ከመቶ 4 ገደማ ነው። ጥቅሙን በዚህ ስታካፍሉ ስርቆቱን አክሳሪ የሚያደርገው መቀጮ ይወጣል፤ 12,480 ÷ 0.042 = 297,143 ብር። 3,000 ብር የጻፈው ኮሚቴ በመቶ እጥፍ ገደማ ተሳስቷል።

እና 300,000 ብር ይጻፍ? አይጻፍም። በ18ኛው መቶ ዘመን መገባደጃና በ19ኛው መጀመሪያ እንግሊዝ በሞት የሚያስቀጡ ከ200 በላይ ጥፋቶች ነበሯት። ከቤት ውስጥ 40 ሺሊንግ የሚያወጣ ዕቃ የሰረቀ በስቅላት ይቀጣ ነበር። ዳኛ ሆነው የተቀመጡት ተራ ሰዎች ግን ለሺሊንግ ሰው መስቀል ስለከበዳቸው፣ ዕቃው ምንም ያህል ውድ ቢሆን "ዋጋው 39 ሺሊንግ ነው" ብለው ይፈርዱ ነበር። ቅጣቱ ሲከብድ ፍርዱ ላላ። የእናንተም ኮሚቴ 300,000 ብር በጎረቤቱ ላይ አይወስንም፤ 8 ከ10 የነበረው 1 ከ10 ይሆናል። ቁጥሩን ከፍ ያደረጋችሁ መስሏችሁ ሰንሰለቱን በጠሳችሁት።

ሰንሰለቱን ማጥበቅ

ዋናው ሥራ ይህ ነው፤ ጊዜያችሁን እዚህ አውሉት።

*ዕጣ።* ፍተሻው በወር አንድ ቀን ሳይሆን አራት ጊዜ ይሁን፤ ቀኑም መደቡም በዕጣ ይውጣ። ከ1 እስከ 40 የተጻፈበት ወረቀት በቆርቆሮ ይቀመጥ፣ ጠዋት አምስት ይወጣ። ጥብቅ ጉዳይ አለ፤ የወጣው ቁጥር ለሚቀጥለው ዙር ተመልሶ ቆርቆሮው ውስጥ ይግባ። ካልተመለሰ በመጀመሪያው ሳምንት የተፈተሸው ነጋዴ እስከ ወሩ መጨረሻ ነጻ ፈቃድ አገኘ ማለት ነው። ተመልሶ ሲገባ አንድ መደብ በወር ቢያንስ አንዴ የመፈተሽ ዕድሉ 41 ከመቶ ገደማ ነው። (በአንድ ዙር የማምለጥ ዕድሉ ሰባት ስምንተኛ ነው፤ አራት ጊዜ ሲባዛ 0.59 ይሆናል፣ ከአንድ ቀንሱት።)

*የሙከራ ግዢ።* ድንጋዩን ትታችሁ ሽንኩርቱን ግዙ። ነጋዴው የማያውቀው ሰው፣ ገበያ በሚደራበት ከ10 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ 2 ኪሎ ይግዛና በር ላይ በተቀመጠው የማረጋገጫ ሚዛን ይመዘን። 2 ኪሎ ያልነው በ1 ኪሎ ላይ የአንድ ድንች ልዩነት ብዙ ስለሚመስል ነው። ያው ሰው ሁለተኛ አይላክ፤ ገበያ ፊት አይረሳም። ከዚያው መደብ በዚያው ቀን ሌላ ሰው ሌላ 2 ኪሎ ይግዛ። ሁለቱም ካልጎደሉ አይመዘገብ። አንዱ ግዢ ከ100 ሌባ 95ቱን ቢያሳይ ሁለቱም የሚስማሙት በ90 ገደማ ነው፤ ትንሽ ሌባ ይለቃል። በምትኩ ንጹሕ ሰው በስህተት የመወንጀሉ ዕድል ከአሥር አንድ ከነበረ ከመቶ አንድ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን ሁለቱ ስህተቶች ካልተያያዙ ነው። የበሩ ሚዛን ራሱ ከተሳሳተ ሁለቱም ግዢ አብሮ ይሳሳታል፤ ስለዚህ በሥነ ልክ ተቋም በተረጋገጠ ድንጋይ በየጠዋቱ ይፈተሽ። ድንጋዩ ከሌለ ለጊዜው ባዶ ዕቃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡ፣ ዜሮ አድርጉ፣ በልክ 1 ሊትር ውኃ ጨምሩበት፤ 1 ኪሎ ሊያነብ ይገባል። ትልቅ ስህተት በዚህ ይታያል፣ ጥቃቅኑ ግን አይታይም።

*ቋሚ ተመን።* ኮሚቴው "እንመካከርበት" ሲል ዝምድና ይገባል። ደንቡ ውስጥ ጉድለቱ በግራም፣ መቀጮው በቁጥር ይጻፍ፤ ኮሚቴው የሚወስነው ግዢው በሥርዓቱ መደረጉንና ሚዛኑ ትክክል መሆኑን ብቻ ይሁን። በዚህ ኮሚቴው ከታዩት 100 ሌቦች በ95ቱ ገደማ ላይ ይወስናል።

*ማስያዣ።* መቀጮ ከኪስ ሲጠየቅ ሽማግሌ ይመጣል፤ ከተያዘ ገንዘብ ሲቀነስ አይመጣም። ኒው ዮርክ ያሉ የተባበሩት መንግሥታት ዲፕሎማቶች ከ1997 እስከ 2002 እ.ኤ.አ. ከ150,000 በላይ ያልተከፈለ የመኪና ማቆሚያ ቅጣት ነበረባቸው፤ ያለመከሰስ መብት ስላላቸው ማንም አያስከፍላቸውም። በ2002 መጨረሻ ከተማው የማይከፍሉትን ታርጋ መንጠቅ ሲጀምርና ዕዳቸው ከአገራቸው እርዳታ ላይ እንዲቀነስ ሕግ ሲወጣ ጥፋቱ ከመቶ 98 ገደማ ወረደ። የአንዱ ቅጣት ዋጋ አልተነካም፤ የተለወጠው መከፈሉ ነው። ለእናንተ ይህን የሚሠራው እያንዳንዱ አባል በወር 2,000 እያዋጣ በዓመት የሚሞላው 24,000 ብር ማስያዣ ነው። ከማኅበሩ ሲወጣ ይመለስለታል። ምሕረት ካስፈለገም ከማስያዣው ከተቀነሰ በኋላ በዓመታዊው ጉባኤ ይጠየቅ።

አሁን እናባዛ። 0.41 × 0.9 × 0.95 × 1 = 0.35። 12,480 ÷ 0.35 = 35,657፤ 36,000 እንበለው። ሌባው የሚያገኘው አንድ ብር እንኳ ሳይቀንስ የሚያስፈልገው መቀጮ ከ297,143 ወደ 36,000 ወረደ፣ ከስምንት እጥፍ በላይ።

ወጪው? በዙር 5 መደብ፣ ሁለት ግዢ፣ 2 ኪሎ፣ 80 ብር፤ 1,600 ብር። በወር 6,400፣ ለአንድ አባል 160 ብር። አትክልቱ ለጥበቃና ለጽዳት ሠራተኞች ይሰጥ ወይም ይሸጥ። ከ40 መደብ 12ቱ ቢሰርቁ ሸማቹ በወር 149,760 ብር ያጣል። ዙሩን ስምንት ብታደርጉት ወጪው እጥፍ ይሆናል፣ የመፈተሽ ዕድሉ ግን ከ41 ወደ 66 ከመቶ ብቻ ያድጋል። እያንዳንዱ ተጨማሪ ዙር ከቀደመው ያነሰ ያመጣል፤ ስርቆትን ፈጽሞ ዜሮ ለማድረግ መሞከር ከስርቆቱ በላይ ያስከፍላል።

36,000 ከ24,000 ማስያዣ በላይ ነው። ቀሪው 12,000 በመደብ መዝጋት ይሞላ፤ የቀን ትርፉ 1,000 ብር ከሆነ 12 ቀን። ሁልጊዜ ገንዘቡ ይቅደም፤ መቀጮ ለማኅበሩ ይገባል፣ የተዘጋ መደብ ግን ነጋዴውን ከማክሰሩ በቀር ለማንም አይገባም። (ቤከርም መቀጮ ከእስር ይሻላል ያለው በዚሁ ምክንያት ነው።) መዝጋቱ በማግስቱ ማታ ይጀምር። ያለው ቲማቲም ይሸጥ፤ የበሰበሰ ቲማቲም ማንንም አያስተምርም።

ንጹሑን መቅጣት ሌባውን ይረዳል

ይህ ከፍትሕ ብቻ ሳይሆን ከሒሳብም ነው። ሰው ከስርቆት የሚቆጠበው ሲሰርቅና ሳይሰርቅ በሚደርስበት መካከል ባለው ልዩነት ነው። ሌባው 35 ከመቶ፣ ሐቀኛው ደግሞ በስህተት 10 ከመቶ ከተቀጣ የሚሠራው 25ቱ ብቻ ነው። 12,480 ÷ 0.25 = 49,920። ስህተታችሁ መቀጮውን በ14,000 ብር አስወደደው።

በአገራችን የነበረው ሌባሻይ የዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተንገዳገደ የገባበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባልና ይከፍል ነበር። መያዝ በዚህ ዘዴ እርግጠኛ ነው፤ ልጁ የሆነ ቤት ይገባል። ግን የሰረቀም ያልሰረቀም እኩል የሚያሰጋው ከሆነ መስረቁ ምን ተጨማሪ ዋጋ አለው? አውጫጭኝ ከዚህ ይሻል ነበር። አገሬው ተሰብስቦ የሚያውቀውን እስኪናገር አይበተንም፤ አጥፊው ካልተገኘ በጋራ ካሳ ይከፍላል። የሚያውቁት ዝም እንዳይሉ ያደርጋል፣ ከማያውቁትም ያስከፍላል።

ስለዚህ የመቻቻያ ልክ አድርጉ። በ2 ኪሎ ግዢ ላይ እስከ 40 ግራም ጉድለት ምንም አይባል። ከ41 እስከ 100 ግራም "አስተካክል" ይባልና ይመዘገብ፤ በስድስት ወር ውስጥ ሁለተኛ ከተደገመ እንደ ስርቆት ይቆጠር። ይህ መድገሚያ ካልተጻፈ ብልጡ ነጋዴ ከኪሎ 45 ግራም ብቻ እየወሰደ ዓመቱን ይጨርሳል። ከ100 ግራም በላይ መቀጮ። የተቀጣ አባል በ5 ቀን ውስጥ ከኮሚቴው ውጭ ለሆኑ ሦስት ሰዎች ይግባኝ ይበል።

መሰላል

ከ2 ኪሎ 200 ግራም ያጎደለና 600 ግራም ያጎደለ እኩል ከተቀጡ ማንም 200 አያጎድልም። "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው አህያ የምታስበው እንዲህ ነው። መቀጮው ከተሰረቀው ጋር ይውጣ፤ ከኪሎ 50 ግራም ላይ 18,000፣ 100 ግራም ላይ 36,000፣ ከ200 በላይ ከማኅበሩ መሰናበት። ከፍተኛውን ቅጣት ለመጨረሻው ደረጃ አስቀሩት። የፍተሻ ገዢን የደበደበ ወይም ያስፈራራ አባል ከማንኛውም የሚዛን ጥፋት የበለጠ መቀጣት አለበት፤ ካልሆነ ሌባው ሲያዝ የሚያዋጣው መደብደብ ይሆናል። ድብደባው ራሱ ደግሞ ለፖሊስ ነው።

ትንሽ መቀጮ ከምንም ይሻላል ብላችሁ ግን አትጀምሩ። በእስራኤል ሃይፋ በ10 መዋዕለ ሕፃናት ላይ ለ20 ሳምንት የተደረገ ሙከራ ነበር። ወላጆች ልጆቻቸውን ሊወስዱ እየዘገዩ አስተማሪዎች ይጠብቁ ነበር። በስድስቱ፣ ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ 10 ሼቄል ይክፈል ተባለ። የሚዘገዩት ቀንሰው አይደለም፣ ወደ እጥፍ ገደማ አደጉ። ቀድሞ ይሉኝታ ይዟቸው የነበሩ ወላጆች አሁን ዋጋ ተነገራቸውና ከፈሉ። መቀጮው ሲነሣም ይሉኝታው አልተመለሰም። ዕድር ላይ የቀብር ቀሪ መቀጮ ትንሽ ሲሆን የሚታየውም ይኸው ነው፤ አቅም ያለው ለቀባሪነት የሚያጠፋውን ጊዜ በመቀጮው ይገዛል። ስለዚህ ወይ የሚያከስር መቀጮ ጻፉ፣ ወይም አትጻፉና በምክርና በይሉኝታ ያዙት።

ብሩ ሲረክስ

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 90 ሌላ ድንጋጌ ከሌለ የገንዘብ መቀጮን ከ10 እስከ 10,000 ብር አድርጎታል። ያኔ አንድ ዶላር 8 ብር ተኩል አካባቢ ስለነበር ጣሪያው ከ1,100 ዶላር በላይ ነበር። የውጭ ምንዛሪው ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላር በወራት ውስጥ ከ57 ብር ገደማ ከ120 ብር በላይ ገባ፤ ያው 10,000 ብር ከ100 ዶላር በታች ሆነ። ሕጉ ሳይነካ ቅጣቱ ቀለለ።

በደንባችሁ ውስጥ ብር አትጻፉ። "የ450 ኪሎ ሽንኩርት ዋጋ" ብላችሁ ጻፉ፤ 36,000 ብር በ80 ሲካፈል 450 ነው። ሽንኩርት ሲወደድ ስርቆቱም ይወደዳል፣ መቀጮውም አብሮ ይሄዳል። ዋጋው የሚያዘው በጥፋቱ ቀን በገበያው የዋጋ ሰሌዳ ላይ ያለው ይሁን። ፊንላንድ ከ1921 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መቀጮን በቀን የምትቆጥረው ለተመሳሳይ ችግር ነው፤ ዳኛው የቀኑን ብዛት ይወስናል፣ የአንዱ ቀን ዋጋ ከሰውየው ገቢ ይሰላል። ገቢው በውል የሚታወቅ አባል ካላችሁ ይህም ይሆናል። ብዙ ገበያ ላይ ግን ገቢ መጠየቅ ሌላ ጠብ መክፈት ነው።

ፈታሹ ራሱስ?

መቀጮው 36,000 ሆኖ የፈታሹ አበል በወር 3,000 ከሆነ፣ በሁለቱ መካከል 10,000 ብር ቢያልፍ ሁለቱም ያተርፋሉ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚል ተረት ያለው ሰው ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚክስ አያስፈልገውም። መቀጮ ባደገ ቁጥር ጉቦውም ያድጋል። መከላከያው፤ ዕጣው በጠዋት ሰው ፊት ይውጣ፣ ገዢዎቹ ሁለት ሆነው ከተለያየ ረድፍ ይመረጡና አንዱ የሌላውን ማንነት አይወቅ፣ ሚዛኑ በር ላይ ሰው ፊት ይነበብ፣ ተራ ቁጥር ባለው ደረሰኝ ይመዝገብ። ለፈታሹ ከመቀጮው ድርሻ አትስጡ፤ ሚዛን ያልሰረቀ ሰው መክሰስ ያዋጣዋል። ቤከርና ጆርጅ ስቲግለር በ1974 ያቀረቡት መድኃኒት ሌላ ነው፤ ለሕግ አስከባሪው ጥሩ ይከፈለው፣ ከፊሉ ደግሞ በንጽሕና ሲያገለግል መጨረሻ ላይ የሚያገኘው ይሁን። በገበያ ልክ፣ የአበሉ ሲሶ ተይዞ በዓመቱ መጨረሻ ቢሰጠው ይበቃል።

ጊዜ

ከተያዘበት ቀን እስከ ቅነሳው ከአንድ ሳምንት አይለፍ። በሃዋይ ከ2004 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በገደብ የተለቀቁ ሰዎች በአደንዛዥ ዕፅ ምርመራ ሲወድቁ ወዲያው ለጥቂት ቀን እንዲታሰሩ ተደረገ፤ የቀድሞው ልማድ ጥፋቱን ደጋግሞ ዝም ብሎ ማለፍና በመጨረሻ የዓመታት እስር መፍረድ ነበር። የመጀመሪያው ውጤት እጅግ ጥሩ ነበር። ይሁንና በአራት ሌሎች የአሜሪካ ቦታዎች ሲሞከር አልተደገመም። ስለዚህ ፈጥኖ መቅጣት ይጠቅማል፣ ብቻውን ግን ተአምር አይጠበቅበት።

ማስታወቅና መለካት

ነጋዴው የሚያሰላው እናንተ የምታውቁትን ዕድል ሳይሆን እሱ የሚገምተውን ነው። እንግሊዝ በ1967 እ.ኤ.አ. የሹፌሮችን ትንፋሽ መመርመር ስትጀምር የመኪና አደጋ ወዲያው ቀነሰ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ግን ሹፌሩ የመቆም ዕድሉ እጅግ ትንሽ መሆኑን በራሱ አየና ቀስ በቀስ ወደ ልማዱ ተመለሰ። ወሬ የሚሠራው ለመጀመሪያው ወቅት ነው። በየወሩ በሩ ላይ ለጥፉ፤ ይህን ያህል መደብ ተፈተሸ፣ ይህን ያህሉ ጎደለ፣ ይህን ያህሉ ተቀጣ። ሦስቱ ቁጥሮች ከቀነሱ ግን ነጋዴው ከእናንተ ቀድሞ ያነባቸዋል።

ለመለካት የሸማች አቤቱታ አትቁጠሩ። የአቤቱታ ሣጥን ሲሰቀል አቤቱታ ይበዛል፤ ስርቆቱ ጨምሮ አይደለም፣ ሰሚ አግኝቶ ነው። የሚቆጠረው ከሙከራ ግዢዎቹ የጎደሉት ስንት ከመቶ እንደሆኑ ነው። ደንቡ ሳይጀመር ለአንድ ወር ማንንም ሳትቀጡ ግዙና መዝግቡ፤ መነሻችሁ እሱ ነው። በዕጣ የወጡ 20 መደቦች ውስጥ 6 ጎድለው ከነበረና በሚቀጥለው ወር 4 ቢሆኑ አትደሰቱ፤ በ20 ላይ የሁለት ልዩነት የዕጣ ነገር ሊሆን ይችላል። የሦስት ወሩን አንድ ላይ ደምሩ።

ስርቆቱ ሌላ በር እንደሚፈልግም ጠብቁ። ሚዛን ሲጠብቅ የበሰበሰውን ከሥር መሙላት፣ ወፍራም ፌስታል አብሮ መመዘን፣ ከበሩ ውጭ በጋሪ መሸጥ ይመጣል። የሙከራ ግዢው ፌስታሉ ተነሥቶ ይመዘን፤ የተበላሸው ተለይቶ ክብደቱ ይጻፍ።

ከስድስት ወር በኋላ ጉድለቱ ከመቶ 5 በታች ከሆነ ዙሩን ከአራት ወደ ሁለት አውርዱት እንጂ አታቁሙት። በሁለት ዙር የመፈተሽ ዕድሉ 23 ከመቶ ገደማ ነው፤ በ0.9 እና በ0.95 ሲባዛ 20 ይደርሳል፣ 12,480 በሱ ሲካፈል ደግሞ 62,400 ብር ይመጣል። ስለዚህ ዙሩን በቀነሳችሁበት ስብሰባ ላይ ከ450 ኪሎ ወደ 780 ኪሎ የሚያሳድገውን ማሻሻያም አጽድቁ። ጉድለቱ ተመልሶ ከመቶ 10 ካለፈ ሁለቱንም ወደነበሩበት መልሱ።